ስለ ተከመሩ መጻሕፍትና ባንድ ጊዜ ብዙ ልብ ወለድ ስለ ማንበብ

መጽሐፍ መግዛት መልካም ነገር ነው፤ መጽሐፍ ማንበብ ደግሞ ከመግዛት ይበልጣል። በዚህ ላይ ከማንም ጋራ ክርክር የለንም። ክርክራችን በመግዛትና በማንበብ መካከል በተፈጠረው ሰፊ ክፍተት፣ ይልቁንም ይህን ክፍተት ለመሙላት ሲባል በሚሰጠው አንድ ምክር ላይ ነው። እንደሚታወቀው ብዙዎቻችን ለማንበብ ከምንችለው በላይ እንገዛለን። ያልተነበበው መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ፣ ከመደርደሪያውም አልፎ በአልጋው ራስጌና በጠረጴዛው ጥግ እየተከመረ ይሄዳል፤ ክምሩ ከፍ ባለ መጠንም ባለቤቱ እንደ ባለዕዳ ይሳቀቃል። ከዚህ መሳቀቅ ለመዳን የሚሰጠው ምክር፣ አራት ወይም አምስት ልብ ወለድ ባንድ ጊዜ ጀምሮ፣ ዛሬ ከአንዱ ነገ ከሌላው እያፈራረቁ ጥቂት ጥቂት ገጽ በማንበብ ክምሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል የሚል ነው።

ይህን ምክር በመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት ጨዋታ ላይ ሲነገር ሰምተነዋል፤ በዓመቱ መጨረሻ ያነበቡትን መጽሐፍ በቍጥር በሚያስታውቁ ሰዎች ዘንድ ሲመሰገን አይተነዋል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን አንዳንድ መምህራን ለተማሪዎቻቸው እንደ ብልኀት አድርገው ሲያስተላልፉት ማየታችን ነው። እኛ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥተን በጽሕፈት ሥራ የተሰማራን ሰዎች እንጂ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት አይደለንም። ሆኖም ለማንበብ የሊቅነት ማዕርግ ስለማያስፈልግ፣ ስለ ንባብም ለመናገር አንባቢ መሆን ይበቃል ብለን እናምናለን። ስለዚህ ነገሩን ሳንሸፋፍን እንናገራለን፤ ልብ ወለድን እያፈራረቁ ማንበብ ክምሩን አያሳንስም፤ አንባቢውን ያደክማል፤ ደራሲውንም ይበድላል።

የተቃራኒዎቻችንን ሐሳብ አጣመማችሁ ተብለን እንዳንወቀስ በመጀመሪያ እነርሱ የሚሉትን በቅንነት እናስቀምጥ። አንደኛ፣ ብዙ መጽሐፍ ባንድ ጊዜ ከተያዘ ሁሉም በየቀኑ ወደ ፊት ስለሚራመድ ክምሩ ቶሎ ያልቃል ይላሉ። ሁለተኛ፣ አንዱ መጽሐፍ ሲሰለች ወደ ሌላው መሻገር ስለሚቻል አንባቢው ከንባብ አይርቅም ይላሉ። ሦስተኛ፣ ተማሪ በአንድ ቀን ሒሳብም ታሪክም ቋንቋም እየተማረ አእምሮው ካልተደበላለቀበት፣ ትልቅ ሰው አምስት ታሪክ መያዝ እንዴት ያቅተዋል ይላሉ። አራተኛ፣ የቀድሞ ሰዎችም እንዲሁ ያነቡ ነበር ብለው ከአገር ውስጥም ከውጭም ምሳሌ ይጠቅሳሉ። እነዚህ አራት ምክንያቶች ሲሰሙአቸው ያስደስታሉ፤ አንድ በአንድ ሲመረመሩ ግን የሚቆሙ አይደሉም።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ይህ የቍጥር ጉዳይ ስለ ሆነ በቍጥር እንመልሰዋለን። አንድ ሰው እያንዳንዳቸው 300 ገጽ ያላቸው 5 ልብ ወለዶች ተከምረውበታል እንበል። ጠቅላላው 1,500 ገጽ ነው። ሰውየው ከሥራ መልስ በየማታው 30 ገጽ ለማንበብ ይችላል። መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ቢያነብ የመጀመሪያውን በ10ኛው ቀን፣ ሁለተኛውን በ20ኛው፣ ሦስተኛውን በ30ኛው፣ አራተኛውን በ40ኛው፣ የመጨረሻውን በ50ኛው ቀን ይፈጽማል። ከአምስቱም 6 6 ገጽ እየቆነጠረ ቢያነብስ? አምስቱም የሚያልቁት በ50ኛው ቀን ነው። እንግዲህ ትርፉ ምንድን ነው? አንዲት ቀን እንኳ አልተረፈም። እንዲያውም አንድ በአንድ ያነበበው ሰው በ10ኛው ቀን አንድ ሙሉ መጽሐፍ ያነበበ ሲሆን፣ አፈራራቂው እስከ 49ኛው ቀን ድረስ አንድም መጽሐፍ የፈጸመ አይደለም።

ሰው ደግሞ እንዳሰበው አይውልም። በ25ኛው ቀን ሕመም ቢመጣ፣ ወይም ሥራ ቢበዛ፣ ወይም የሩቅ ጕዞ ቢታዘዝ፣ ሁለቱም ሰዎች እኩል 750 ገጽ አንብበዋል። ነገር ግን አንደኛው ሁለት መጽሐፍ ፈጽሞ ሦስተኛውን አጋምሷል፤ ሁለተኛው አምስት ግማሽ መጽሐፍ ይዞ ቀርቷል። ከወር በኋላ ሲመለስ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ ስለማያስታውስ አምስቱንም ከመጀመሪያው መጀመር ሊኖርበት ነው። የአንደኛው ክምር በሁለት መጽሐፍ ቀንሷል፤ የሁለተኛው ክምር ግን እንደ ነበረ ቆሞ ያየዋል።

በዚህም አያበቃም። አፈራራቂው በየማታው አንድ አንድ መጽሐፍ በተራ ቢያነሣ፣ ወደ አንዱ መጽሐፍ የሚመለሰው አራት ቀን በሌሎቹ ካሳለፈ በኋላ ነው። ሲመለስ ነገሩ ወዴት ደርሶ እንደ ነበረ ለማስታወስ ጥቂት ወደ ኋላ ማገላበጥ ግድ ይሆንበታል። ይህ ወደ ኋላ መመለስ በየጊዜው 3 ገጽ ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ ከ30ው ገጽ አዲስ የሚሆንለት 27ቱ ነው። በዚህ ስሌት አንዱን መጽሐፍ ለመፈጸም በ10 ማታ ፈንታ 11 ማታ፣ አምስቱን ለመፈጸም በ50 ቀን ፈንታ 55 ቀን ይፈጅበታል። ክምሩን ለማፋጠን የተወጠነው ዘዴ አምስት ቀን አዘገየ ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ይህን ነገር በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ከማንም ይበልጥ ሊረዳው ይገባል። ሃያ ባለጕዳይ የሚጠብቀው ጸሓፊ ሃያውንም መዝገብ በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ከእያንዳንዱ አንዳንድ ገጽ ቢመለከት፣ በውጭ የቆሙት ሃያ ሰዎች ሁሉ እስከ ማታ ይቆማሉ። አንዱን መዝገብ አንሥቶ፣ መርምሮ፣ ፈርሞና ዘግቶ ወደ ሁለተኛው ቢሄድ ግን የመጀመሪያው ባለጕዳይ በጧት ወደ ቤቱ ይመለሳል። የዚያ ጸሓፊ ትጋት በተከፈተው መዝገብ ብዛት ሳይሆን በተዘጋው እንደሚመዘን አለቃም ምንዝርም ያውቃል። በመሥሪያ ቤት የምንነቅፈውን አሠራር በቤታችን ብልኀት ብለን የምንጠራበት ምክንያት አይታየንም።

ወደ ሁለተኛው ምክንያት፣ ወደ መሰልቸት እንሸጋገር። አንባቢ የሚሰለቸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መጽሐፉ ደካማ በመሆኑ የሚመጣ መሰልቸት ነው፤ ሁለተኛው መጽሐፉ መልካም ሆኖ ሳለ አንባቢው ትዕግሥት በማጣቱ የሚመጣ ነው። መጽሐፉ ደካማ ሲሆን መድኀኒቱ መጽሐፉን መተው ነው፤ ትዕግሥት ሲታጣ ደግሞ መታገሥ ነው። እያፈራረቁ ማንበብ ከሁለቱ አንዱንም አያደርግም። ደካማው መጽሐፍ በየቀኑ 6 ገጽ እየተቀነሰለት ሳይፈረድበት ዕድሜውን ያራዝማል፤ መልካሙም መጽሐፍ ጕልበቱን የሚያሳይበት ሰፊ ጊዜ ሳይሰጠው ከደካማው ጋራ እኩል ይሰለፋል። አንባቢው ሁለቱን ለይቶ ለመፍረድ ያለውን ሥልጣን በገዛ ፈቃዱ አስረክቧል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሀዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎቹ የሚያስቸኵል መጽሐፍ አይደለም። ደራሲው ወደ በዛብህና ወደ ሰብለ ወንጌል ፍቅር ከመድረሱ በፊት የበዛብህን ወላጆች ታሪክ ረጋ ብሎ ይተርካል። ለማፈራረቅ የተሰናዳ አንባቢ እዚህ ላይ «ነገሩ አልጀመረም» ብሎ ወደ ሌላ መጽሐፍ ይዘላል። ነገር ግን ነገሩ የተጀመረው እዚያው ነው። ልጁ ሕፃን ሳለ ወላጆቹ የተሳሉት ስእለት ከብዙ ገጽ በኋላ የጐለመሰውን በዛብህን አስሮ የሚይዘው ገመድ ነው። ገመዱ ሲፈተል ያላየ ሰው፣ ሲያጠብቅ አይሰማውም። የጉዱ ካሣንም ንግግር በየአምስት ቀኑ ቈንጥሮ ለሚሰማ ሰው፣ ጉዱ ካሣ በእውነት እብድ መስሎት ይቀራል፤ ሐሳቡ እንደ ግንብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲደራረብ ለሚከታተል ግን በዚያ አገር ጤነኛው ሰው ማን እንደ ሆነ ራሱ ይፈርዳል።

ሌላም እንጨምር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን፣ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኀይለ ማርያም ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አሥመራ ወርዶ የሚያየውን የሚተርክ ነው። የዚህ መጽሐፍ ኀይል በጥድፊያው ላይ ነው። ነገሩ ሁሉ እየተዋከበ፣ ሰው እረፍት እያጣ፣ አንዱ ወሬ በሌላው ላይ እየተደረበ ይሄዳል። ይህን ጥድፊያ በአምስት ቀን አንድ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ጥድፊያውን ሊያገኘው ከቶ አይችልም፤ ምክንያቱም አራት ቀን ቆሞ የሚሮጥ ሯጭ የለም። በተቃራኒው ደግሞ በ1962 ዓ.ም. የወጣው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በንግግር የተሞላ፣ ከአንባቢው ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቅ መጽሐፍ ነው። ማን ለማን እንደሚናገር፣ የትኛው ቃል የማንኛውን እንደሚመልስ ልብ ካላሉት ይሰወራል። ቀስ ብሎ የሚገነባውም፣ የሚጣደፈውም፣ የሚጠልቀውም መጽሐፍ ሦስቱም አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ይኸውም የአንባቢው ልብ ሌላ ቤት እንዳይኖረው ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የተማሪው ምሳሌ ነው። ተማሪ በአንድ ቀን ብዙ ትምህርት መማሩ እውነት ነው። ነገር ግን ሒሳብና ታሪክ በአእምሮ ውስጥ የሚያድሩት በየራሳቸው ክፍል ነው። የሦስት ማዕዘን ስሌት ከአድዋ ጦርነት ጋራ አይምታታም። ልብ ወለዶች ግን ሁሉም የሚያድሩት በአንድ ክፍል፣ በምናባችን ውስጥ ነው። ሁሉም ሰው አላቸው፤ ሁሉም ፍቅርና ቂም፣ ድኽነትና ሹመት፣ እናትና ልጅ አላቸው። በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ ሠዓሊ ለመሆን የሚመኘውን አበራ ወርቁንና ሉሊት ታደሰን እናገኛለን፤ በ«ኦሮማይ» ደግሞ ፀጋዬን፣ በአዲስ አበባ የተዋትን ሮማንንና በአሥመራ ያገኛትን ፊያሜታን እናገኛለን። ሁለቱን መጻሕፍት እያፈራረቀ የሚያነብ ሰው፣ የአንዱ ደራሲ እጅ ስለ ሆኑም ጭምር፣ የሉሊትን ነገር ለሮማን፣ የአበራን ማመንታት ለፀጋዬ ቢሰጥ ምን ይደንቃል? በመጨረሻው ሁለት መጽሐፍ አነበብሁ ይላል፤ በልቡ ያለው ግን ሁለቱንም የማይመስል አንድ ሦስተኛ መጽሐፍ ነው፤ እርሱንም ማንም አልጻፈውም።

ደግሞም ተማሪው ብቻውን አይደለም። ደወል ይደወልለታል፤ መምህር ያስታውሰዋል፤ በመጨረሻም ፈተና መጥቶ ትምህርቱን ይዘጋለታል። ልብ ወለድ አንባቢ ደወልም ፈተናም የለውም። ለእርሱ መዝጊያው መፈጸም ብቻ ነው። መፈጸምን ከእርሱ ከወሰዱበት ምን ይቀርለታል?

አራተኛው ምክንያት ከሁሉ የሚከብድ ስለ ሆነ ሰፋ አድርገን እንመልከተው። ተቃራኒዎቻችን ይህን ይላሉ፤ በአገራችን ምእመናን በየዕለቱ ከዳዊት፣ ከውዳሴ ማርያምና ከስንክሳር ባንድነት ያነባሉ፤ ታዲያ ይህ ማፈራረቅ አይደለምን? መልሳችን አይደለም የሚል ነው። ውዳሴ ማርያም ራሱ ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የተደረሰ ነው፤ ስንክሳርም የየቀኑን መታሰቢያ ለይቶ የሚሰጥ ነው። ክፍፍሉ የመጽሐፉ የገዛ ባሕርይ እንጂ የአንባቢው ስልቹነት ያመጣው አይደለም፤ የየዕለቱም ክፍል በዚያው ዕለት ይፈጸማል። ከዚህም ሌላ ያ ንባብ በየሳምንቱና በየዓመቱ የሚደገም ነው። የሚደግም ሰው መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቃል፤ ልብ ወለድ አንባቢ ግን መጨረሻውን የሚፈልግ ነው። እንዲያውም ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ምሳሌ ከተፈለገ ወደ መጻሕፍት ቤት እንሂድ። ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት ተብለው በተለዩት ጉባኤያት ተማሪው የያዘውን መጽሐፍ ከነአንድምታው ቃል በቃል እየተከተለ ይሰማል እንጂ፣ ከዚህም ከዚያም እየቀነጨበ «ጉባኤ ሠራሁ» ቢል ማንም አይቀበለውም።

ከውጭም ምሳሌ ያመጣሉ። በእንግሊዝ አገር ቻርልስ ዲክንስ «ዴቪድ ኮፐርፊልድ»ን፣ ዊሊያም ታከሪም «ፔንዴኒስ»ን በ1849 እና በ1850 እ.ኤ.አ. በየወሩ በቀጭን ጥራዝ እያወጡ በአንድ ወቅት ያሳትሙ ነበር፤ የለንደን አንባቢም ሁለቱን ጎን ለጎን ይከታተል ነበር ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ያ አንባቢ የቀረውን ያላነበበው ገና ስላልታተመ ነው። ደራሲዎቹም አንባቢያቸው አንድ ወር እንደሚጠብቅ ዐውቀው ይጽፉ ነበር፤ እያንዳንዱን ክፍል የራሱ መልክ እንዲኖረው አድርገው፣ ሰዎቻቸውም ከወር በኋላ ሲመለሱ በአነጋገራቸውና በአለባበሳቸው ቶሎ እንዲታወቁ አድርገው ይሠሩት ነበር። በአገራችንም ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬድዮ በተከታታይ ሲተርክ፣ ሕዝቡ እስከሚቀጥለው ጊዜ ድረስ በናፍቆት ይጠብቅ ነበር። ያ ናፍቆት ታሪኩን በልብ ውስጥ ያኖረው ነበር፤ ሰውም በየቤቱ ስለ ሰብለና ስለ በዛብህ ይነጋገርበት ነበር። በሁለት ክፍል መካከል ያለውን ጊዜ በአራት ሌሎች ልብ ወለዶች የሚሞላ ሰው ግን ናፍቆቱን የሚያኖርበት ባዶ ቦታ የለውም።

አንዳንዶች ከዚህም ወደ ኋላ ሄደው የአጎስቲኖ ራሜሊን መንኰራኵር ይጠቅሳሉ። ይህ ጣሊያናዊ መሐንዲስ በ1588 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመሣሪያዎች መጽሐፍ፣ አንድ ሰው ከስፍራው ሳይነሣ ብዙ የተከፈቱ መጻሕፍትን በየተራ ወደ ፊቱ የሚያመጣበትን ትልቅ መንኰራኵር ሥሎ አሳይቷል። መሣሪያው ግን አንዱን ጥቅስ ከሌላው ጋራ ለሚያስተያይ ሊቅ የታሰበ ነው። ሊቁ የራሱ አንድ ጥያቄ አለው፤ መጻሕፍቱ ለጥያቄው ምስክር ሆነው ይቀርባሉ። ልብ ወለድ ግን ምስክር አይደለም፤ እንግዳ ነው። እንግዳን በመንኰራኵር ላይ አስቀምጦ እያዞሩ ማነጋገር ነውር ነው። የሮማው ፈላስፋ ሴኔካም ገና በጥንት ዘመን ለወዳጁ ለሉኪሊዩስ በጻፈለት በሁለተኛው ደብዳቤው ከደራሲ ወደ ደራሲ መባዘንን ነቅፎ፣ በጥቂቶች ዘንድ መቀመጥን መክሮታል። ስለዚህ «የቀድሞ ሰዎች» ሁሉ በአንድ ወገን የተሰለፉ አይደሉም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዘዴው ነው። አሁን ዘዴውን ስለ ወለደው ነገር፣ ስለ ክምሩ እንናገር። መጽሐፍ በብራና ይጻፍ በነበረበት ዘመን አንድ ዳዊት ለመገልበጥ ወራት ይፈጅ ስለ ነበር፣ ያልተነበበ መጽሐፍ ተከመረብኝ ብሎ የሚያማርር ሰው የሚታሰብ አልነበረም። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. በሮም ሲታተም፣ በአማርኛ ልብ ወለድ ማንበብ የፈለገ ሰው ያገኘው ያን አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነበር። ዛሬ ግን አዟሪው ከክንዱ እስከ አገጩ ደርድሮ በየሻይ ቤቱ ይዞልን ይዞራል፤ በመጽሐፍ ዐውደ ርእይ ላይ በቅናሽ እንጋበዛለን፤ በእጅ ስልካችንም በአንዲት ሌሊት የአንድ ቤተ መጻሕፍት ያህል ይላክልናል። ይህ በረከት ነው፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን የበዛው መጽሐፉ እንጂ ማታው አይደለም። የማታው ርዝመት አፈወርቅ በጻፈበት ዘመን የነበረው ነው።

ስለዚህ ክምሩ የተፈጠረው በማንበቢያው ወንበር ላይ ሳይሆን በመግዣው ስፍራ ነው። በመግዣው ስፍራ የተፈጠረውን ነገር በማንበቢያው ወንበር ላይ እናርመው ማለት፣ ጐተራው ሞልቶ ፈሰሰ ተብሎ በአምስት አፍ ለመብላት እንደ መሞከር ነው። ከዚህም ሌላ ያልተነበበን መጽሐፍ ዕዳ ብሎ የሰየመው ማን ነው? ዕዳ አበዳሪ አለው። መጽሐፍ ግን ማንንም አይከስም፤ ወለድም አይቈጥርም፤ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጃፓናውያን መጽሐፍ ገዝቶ ሳያነቡ መከመርን «ጹንዶኩ» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ ስሙ ቅጣት የለበትም። የሚያስጨንቀን መጽሐፉ ሳይሆን ቍጥሩ ነው፤ ቍጥሩም የሚያስጨንቀን በሰው ፊት ለመናገር ስለምንፈልገው ነው። በዓመት 50 መጽሐፍ አነበብሁ የሚል ሰው ሲነሣ፣ ከሃምሳው የአንዱን ሰው ስምና የአንዱን ሰው ሐዘን እንዲነግረን ብንጠይቀው ደፋር አያድርጉን። ንባብ እንደ ከብት ቈጠራ ከሆነ ወዲያ ምን ይጠቅማል?

ከሁሉ በላይ የምንፈራው ለተማሪዎች ነው። የዐሥር መጽሐፍ መግቢያ ዐውቆ የአንዱንም መጨረሻ የማያውቅ ወጣት በየክፍሉ እየታየ ነው። በፈተና ሲጠየቅ ከሌላ ሰው አሳጥሮ የተጻፈ ፍሬ ነገር ሸምድዶ ይመልሳል። ይህ ወጣት ነገ መሥሪያ ቤት ይገባል፤ ዕቅድ ይጀምራል፤ ሌላ ዕቅድ ይጀምራል፤ ሦስተኛም ይጀምራል። መጀመር ለሁሉ ቀላል ነው፤ መፈጸም ግን የሚለመድ ጠባይ ነው። ልብ ወለድ ይህን ጠባይ በደስታ ከሚያለማምዱ ነገሮች አንዱ ነው፤ ምክንያቱም መጨረሻው ላይ የሚጠብቀን ቅጣት ሳይሆን የምንወደው ነገር ነው። ይህን መለማመጃ በልጅነቱ ከነፈግነው የት ሊያገኘው ነው?

ደራሲውም ይታሰብ። ደራሲ አንድን ልብ ወለድ ለመጻፍ ዓመታት ይፈጅበታል። በመጀመሪያው ምዕራፍ የጣላት አንዲት ቃል በመጨረሻው ምዕራፍ ወርቋ እንድትገለጥ አድርጎ፣ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ ያስተካክላታል። በአንባቢው ላይ ያለው አደራ አንድ ብቻ ነው፤ ሰሙን እስከ ወርቁ ድረስ እንዲይዝለት ነው። አፈራራቂው ሰሙን በመንገድ ጥሎ ባዶ እጁን ይደርሳል፤ ከደረሰም በኋላ «መጽሐፉ እንዳወሩለት አይደለም» ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ተከሳሹን ሳይሰሙ የሚሰጥ ፍርድ ነው።

ነቅፎ ዝም ማለት ስለማይገባ የምናቀርበውን ምክር በአጭሩ እንናገር። ልብ ወለድ ባንድ ጊዜ አንድ ይያዝ። ከእርሱ ጎን የታሪክ መጽሐፍ፣ የግጥም መድበል፣ ወይም ለሥራ የሚያስፈልግ መጽሐፍ ቢኖር አንቃወምም፤ እነዚህ በምናብ ውስጥ ከልብ ወለዱ ጋራ በስፍራ አይጣሉምና። ሁለት ደራስያንን አነጻጽሮ ለመጻፍ የተነሣ ሐያሲም ሁለቱን ጎን ለጎን ቢዘረጋ ሥራው ስለ ሆነ አንነቅፈውም፤ እርሱም ቢሆን አስቀድሞ እያንዳንዱን ለብቻው ቢያነብ ይሻለዋል። የተያዘው ልብ ወለድ 50 ወይም 60 ገጽ በትዕግሥት ከተነበበ በኋላ የማይረባ ሆኖ ከተገኘ ያለ ኀፍረት ይተው፤ ሲተውም ወደ ክምሩ አይመለስ፤ ለሌላ ሰው ወይም ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ። በዚህ መንገድ ክምሩ በእውነት ይቀንሳል። አዲስ መጽሐፍ ለመግዛት እጅ ወደ ኪስ ሲገባ ደግሞ፣ «ይህን የምጀምረው በየትኛው ወር ነው?» ብሎ መጠየቅ ይልመድ። ሁሉንም በቤት ማኖር ግዴታ አይደለም፤ ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አብርሆትም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ መጽሐፍ የሚያኖሩልን ለዚህ ነው።

መምህራን ሆይ፣ በአንድ መንፈቅ ሦስት ልብ ወለድ አዝዛችሁ ሦስቱም በጭምቅ እንዲነበቡ ከማድረግ፣ አንዱን አዝዛችሁ እስከ መጨረሻው ገጽ እንዲነበብ ብታደርጉ ለተማሪውም ለቋንቋችንም ውለታ ትሠራላችሁ። እናንተም ተማሪዎች፣ ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ እንደማይወጣ ዐውቃችሁ፣ የያዛችሁትን ዛፍ እስከ ጫፉ ውጡ፤ አገሩ የሚታየው ከጫፉ ላይ ነው። የሥራ ባልደረቦቻችን ሆይ፣ በየቤታችን አምስት መጽሐፍ ፊቱን ተደፍቶ ይገኛል። ዛሬ ማታ አራቱን ወደ መደርደሪያው እንመልስ፤ አምስተኛውንም ከተውንበት ገጽ ሳይሆን ከመጀመሪያው ገጽ እንክፈተው።